የሌላ ሴት ከንፈር

ሰፈሩ መርፌ ይላታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ደልደል ያለች፣ ወንበሯን ሞልታ የምትቀመጥ ሴት ናት። ስሙ የወጣላት የተቀደደ ፎቶ ስለምትጠግን ነው። ፎቶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ስካነር ታቅፋ ትውላለች። ሰው አይጥ የቀመሰው የሠርግ ፎቶ፣ ሕፃን በእስክርቢቶ ጢም ያበቀለበት የምረቃ ፎቶ፣ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ታጥፎ መሀሉ የነጣ የአያት ፎቶ ይዞላት ይመጣል። እሷ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ታለሰልሳለች፤ ባለፎቶው ሲያየው ወይ ይስቃል ወይ ያለቅሳል። ሳቀም አለቀሰም "እጅሽ ይባረክ" ብሏት ይሄዳል፤ መርፌም መመረቁን ለምዳው ነበር።

ነገር ግን ፎቶ መጠገን ልብስ እንደ መጣፍ ነው፤ ቁራጭ ይፈልጋል። ጉንጭ ላይ ያለ እጥፋት ከዚያው ከጉንጩ በተወሰደ ቆዳ ይሸፈናል። አንድ ጆሮ የጠፋ እንደሆነ የወዲያኛው ተገልብጦ ይተካል። አፍንጫ ወይም አፍ ከነጭራሹ ሲጠፋ ግን ከሌላ ሰው መምጣት አለበት፤ ይህን ደግሞ ባለፎቶው አይጠይቅም፣ መርፌም አትናገርም። ኢንተርኔት ላይ የሰው ፊት ሞልቶ ተርፏል። ትፈልጋለች፣ ታገኛለች፣ ትቀዳለች፣ ትቆርጣለች። ጥግ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎ ካየች ከስሙ ከፍ አድርጋ ትቆርጣለች፤ አለቀ ደቀቀ። ኅሊናዋ አይወቅሳትም ነበር ወይ ብትሉ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ አይወቅሳትም ነበር። መንገድ ላይ የወደቀ ጃንጥላ የሚያነሳ ሰው እንኳ ግራ ቀኙን ያያል፤ እሷ ያንንም አታደርግም።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው የሞተችባቸው መርፌ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ከዚያ ወዲህ አላገቡም፤ ሊያጋባቸው የመጣውን ሁሉ በቀልድ እየሸኙ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ሚስታቸው በዕድሜዋ የተነሳችው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም ከአልጋቸው ራስጌ፣ መስታወት ተለብጦበት ተሰቅሏል። ጠዋት ሲነሱ "እንደምን አደርሽ" ይሉታል፣ ስለ ጉልበታቸው ያማርሩለታል፣ ጎረቤት ያሙለታል። መርፌ እናቷን የምታውቃት በዚያ ፎቶና በእሳቸው ወሬ ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈነዳና ውሃው በግድግዳው እየተንቆረቆረ ወረደ። ፍሬሙ ውስጥ ገባ፤ ፎቶው መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። እንዲህ ሲሆን ፎቶ አይነካም። ከነመስታወቱ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይነከርና ራሱ እስኪለቅ ይጠበቃል። መርፌ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ የምትሠራበትም ሩቅ አይደለም፣ ቢጠሯት ሮጣ ትደርስ ነበር። አባቷ ግን የሚጠብቅ ልብ አልነበራቸውም። ፍሬሙን ሰብረው የፎቶውን ጫፍ ይዘው ሳቡት። ግንባሯ መጣ፣ ዓይኖቿ መጡ፣ አፍንጫዋ መጣ። ከንፈሯና አገጯ መስታወቱ ላይ ቀሩ። እነሱን በጥፍራቸው ሊያነሱ ሲታገሉ ደግሞ ጭራሽ ተላቁጦ ቀረ።

መርፌ ከሥራ ስትመለስ ግማሹን ፊት መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አልጋው ጠርዝ ላይ አገኘቻቸው።

"በገዛ እጄ" አሉ። "በገዛ እጄ አፏን ቀደድኩባት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ እምቢ አሉ። ለልባቸው የታዘዘላቸውን ክኒን ከምላሳቸው ሥር ይደብቁና ዞር ስትልላቸው ይተፉታል። ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው ሐኪሙ መርፌን ወደ ኮሪደር አውጥቶ "እንዲህ ከቀጠሉ ልባቸው አይችለውም" አላት። መርፌ ላይ ሰማይ ተደፋባት። ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ በዚህ ምድር ላይ ልጄ ብሎ የሚጠራት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ከንፈር ፍለጋ ገባች። እናቷ ፎቶውን የተነሳችው በግራ በኩል መስኮት ካለበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ነው የሚመጣው። ከቀኝ ብርሃን ያረፈበት አፍ ቢያምር ቢያምር አይሆናትም። ስንቱን ፊት አገላብጣ መጨረሻ ላይ አንዲት ፎቶ አንሺ ሴት ሥራዎቿን ያስቀመጠችበት ገጽ ላይ ወደቀች። ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ናቸው፤ በአንድ ላውንደሪ የሚሠሩ ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው። ከገጹ ሥር "ያለ ፈቃድ መውሰድ ክልክል ነው" ይላል። መርፌ አነበበችው። አንብባም ወደ ላይ ተመለሰች። ካውያ ይዛ የቆመች፣ ልትስቅ ስትል የተያዘች አንዲት ሴት አለች። አገጯ፣ የፊቷ ስፋት፣ ብርሃኑ፣ ሁሉም ለክቶ የተሰፋ ያህል ገጠመ። ከከንፈሯ ጥግ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ መርፌ የሳቅ መስመር መሰለቻትና ተወቻት። "አንድ አፍ ነው የወሰድኩት" አለች ለራሷ፣ "ሴትየዋ እንደሆን አፏ እዚያው አለላት።"

አሳትማ ወሰደችላቸው። አባቷ ፎቶውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። መርፌ ፊታቸውን፣ ፊታቸውን ብቻ ታያለች። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"እሷ ናት" አሉ። "እሷው ናት፣ ልጄ።"

የዚያን ዕለት ራታቸውን በሉ። ክኒናቸውን በውሃ ዋጡ። መርፌ መታጠቢያ ቤት ገብታ ፎጣ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር፤ ግን አሠሪዋ፣ ባለፎቶ ቤቱ፣ ጥሩ ነገር አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ግማሹንና ሙሉውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ የቤቱ ገጽ ላይ ለጠፈው፣ አስፋፍቶ አሳትሞም መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ከሥሩም በትልቁ "ከሞት የተመለሰች እናት" ብሎ ጻፈበት። መርፌ እያየች አልከለከለችውም፤ ኩራቱም እንደው ትንሽ ይዟት ነበር። ሰው ጎረፈ። አፍንጫ የጎደለው፣ አገጭ የጎደለው ሁሉ ፎቶውን ታቅፎ መጣ። መርፌም ወደዚያው ወደ ላውንደሪ ሴቶቹ ትመለሳለች። ብርሃኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ጥራቱ ጥሩ ነው፤ ከአንዷ ጆሮ፣ ከአንዷ ቅንድብ፣ ከአንዷ ጉንጭ እየወሰደች የማንም ዘመድ ያልሆኑ ሴቶችን የሁሉም ዘመድ አደረገቻቸው።

ፎቶ አንሺዋ የመጣች ጠዋት መርፌ አንድ ሙሽራ ላይ ቅንድብ እየተከለች ነበር። ረዘም ያለች፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ናት። የጓዳውን በር ከፍታ ገባችና ሳትቀመጥ ስልኳን ዘረጋችላት። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አለ፤ ካውያ የያዘችው ሴትና የመርፌ እናት።

"መርፌ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ይሄ የማን አፍ ነው?"

"የእናቴ" አለች መርፌ። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ሆን ብላ አልዋሸችም፤ የመጣላት እሱ ነበር።

ፎቶ አንሺዋ ጮኻ ብትሰድባት ይሻል ነበር። ዝግ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው። "ይቺን ሴት ያነሳኋት እኔ ነኝ። ገጹ ሥር አትውሰዱ ብዬ ጽፌያለሁ። ፎቶው ጥግ ላይ ስሜ አለ፤ ስሜን ቆርጠሽ ጣልሽው። እሱ ይቅር እንበል። እነዚያ ሴቶች እሺ ብለው እንዲቆሙልኝ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቻለሁ መሰለሽ? ማስታወቂያ ላይ አይወጣም፣ ለማንም አይሰጥም ብዬ ቃሌን ሰጥቼ ነው። ያን ቃል እኔ ሳላውቅ አንቺ አፈረስሽው።"

ወሬውን ሰምቶ ባለፎቶ ቤቱ ደረቱን ነፍቶ ገባ። "እህቴ፣ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር እኮ የጋራ ነው። ሁሉም ያየዋል።"

"መስኮትህ ላይ የሰቀልከውንም አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ስወጣ አውርጄው ልሂድ?"

"እሱማ የኔ ነው!" አለ ቱግ ብሎ። ያለውን ነገር የሰማው ካለ በኋላ ነው፤ አንገቱን ማከክ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶም ጣቱን ወደ መርፌ ቀሰረ። "እኔ ምን አውቄ? እኔ ወረቀትና ቀለም የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ውስጥ ገብታ የምትሠራውን እሷ ናት የምታውቀው።" እውነቱንም ነበር።

ፎቶ አንሺዋ የምትፈልገውን ተናገረች። የመስኮቱም የገጹም ዛሬውኑ ይውረድ። ከእሷ ፎቶ ቁራጭ የገባበት ፎቶ ያለው ሰው ሁሉ ይደወልለት፤ አባትህ ላይ ያለው ጆሮ የአባትህ አይደለም ይባል። እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። ባለፎቶ ቤቱ ፊቱ አመድ መሰለ። መርፌ ግን ሁሉንም እሺ፣ እሺ፣ እሺ አለች። እሺ ማለቱ አልከበዳትም፤ አእምሮዋ ያለው ከአባቷ አልጋ ራስጌ ነው።

"አንዱን ብቻ ተዪልኝ" አለች። "የእናቴን ተዪልኝ። ከመስኮት ይውረድ፣ ከገጹ ይጥፋ፤ አባቴ ቤት ያለችው ግን ትቅር። እሳቸው ካወቁ ይሞቱብኛል። እግርሽ ላይ ልውደቅ እህቴ።"

እውነትም ልትወድቅ ከወንበሯ ተነሳች። ፎቶ አንሺዋ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻትና ራሷም ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። መርፌ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቧንቧውን፣ መስታወቱን፣ ከምላስ ሥር የተደበቀውን ክኒን። ሴትየዋ ሰምታ ሰምታ ዓይኗ ለሰለሰ።

"ፎቶው የኔ ነው" አለች በመጨረሻ። "እኔ በበኩሌ ለአባትሽ ፈቅጃለሁ፣ በጽሑፍም እሰጥሻለሁ። ከንፈሩ ግን የኔ አይደለም። ነይ፣ ባለቤቷን ጠይቂያት።"

ላውንደሪው ከሆቴሎች የሚመጣ አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው። እንፋሎቱ ከበሩ ላይ ይቀበላል። መርፌ ገብታ ቀና አለች። በረድፍ የቆሙት ሴቶች ሁሉ የምታውቃቸው ናቸው። ያቺ ጆሮዋን የወሰደችባት ናት፤ ይቺ ቅንድቧን። ስንት ቀን እያጎላች ያየቻቸው ፊቶች ላብ እያፈሰሱ ቆመው ያዩዋታል፤ እነሱ ግን አያውቋትም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ካውያ የያዘችው ሴት ከመጨረሻው ጠረጴዛ ናት። ፎቶ አንሺዋ ማን እንደመጣ ስትነግራት ካውያውን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ መርፌን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ያቺ ቀጭን መስመር ከከንፈሯ ጥግ አለች፤ በቅርብ ሲያዩዋት የተሰፋች ጠባሳ ናት።

"ይቺን ነው የወሰድሽው?" አለች ጣቷን ጠባሳው ላይ አድርጋ። "ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የካውያ ጠርዝ ነው የመታኝ። ጠባሳዋ ባትኖር ኖሮ እኔም ራሴን አላውቀውም ነበር። ጓደኞቼ ናቸው ስልክ ላይ አይተው የጠሩኝ። ከሞት የተመለሰች እናት ይላል። የማን ዓይን እንደሆነ አላውቅ፣ የማን ግንባር እንደሆነ አላውቅ፣ ከሥሩ ግን እኔ አለሁ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ሆና አይታ 'እማ፣ ሞተሽ ነበር እንዴ?' አለችኝ። ምን ልበላት?"

"አጥፍቻለሁ" አለች መርፌ። "እናቴ ናት። ሌላ ፎቶ የላትም። አባቴ..." የቀረውን ፎቶ አንሺዋ ጨረሰችላት።

ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ መርፌን ዕድሜ ልኳን የሚያቃጥላትን ነገር ተናገረች፤ ለማቃጠል ብላ አይደለም፣ እንደው የመሰላትን ነው።

"ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር። እናቷ ለሞተችባት ሴት ከንፈር ማን ይከለክላል? መጥቼ በግራም በቀኝም ቆሜ በተነሳሁልሽ ነበር።"

መርፌ ለመጠየቅ አስባ አታውቅም። የጠየቀችው ኮምፒውተሯን ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ከፎቶው ጀርባ ሰው እንዳለ አልነገራትም፣ እሷም ልወቅ አላለችም።

"አሁንም አልከለክልሽም" አለች ሴትየዋ። "ግን አባትሽ ይወቁ። አውቀው ከፈለጉኝ ከንፈሬ ይሁንላቸው፣ እድሜ ያድርግላቸው። ሳያውቁ ግን አይሆንም። በየጠዋቱ አንድ ሰው እኔን ሚስቴ እያለ ሲያወራኝ፣ እኔስ ባል አለኝ እኮ።" የመጨረሻውን ስትናገር ሳቅ አምልጧት ነበር። ጓደኞቿም ሳቁ። መርፌ ያንን ሳቅ ከስክሪን ላይ ታውቀዋለች፤ ጀምሮ የቆመውን። አሁን ሲያልቅ አየችው፣ ከእናቷ ጋር ምንም አይገናኝም።

ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታጠና ነበር። "አባዬ፣ ተቆጣ፣ ግን ክኒንህን አትተው" ብላ ልትጀምር አሰበች። "አባዬ፣ አንተን ብዬ ነው" ብላ አሰበች። እሱን ደግሞ ጣለችው፤ በሳቸው ማላከክ መሰላት። አለመናገርም መጣላት። ፎቶ አንሺዋ ቤት ለቤት አትዞር፤ የላውንደሪዋ ሴት አባቷን አታውቃቸው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ይቺ "ማን ያውቃል" የምትባል ነገር እዚህ ያደረሰቻት መሆኗን እያወቀች እንኳ እስከ ደረጃው ድረስ አብራት ሄደች።

አባቷ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወንበራቸውን ወደ ፎቶው አዙረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወዝ አለው። ገና ስትገባ በእጃቸው ጠሯት።

"ነይማ፣ ነይ ተቀመጪ። ስለ እናትሽ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር ትዝ አለኝ ዛሬ።"

"ምን ትዝ አለህ አባዬ?"

"ይቺ ከከንፈሯ ጥግ ያለችው ምልክት። እንዴት እንዳገኘቻት ነግሬሽ አላውቅም አይደል? ገና ሳንጋባ ነው። አውቶቡሴ ውስጥ ልትገባ ስትሮጥ ደረጃው ላይ ተደፋች። እኔ ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ ዘልዬ ወረድኩ። ደሙን በመሐረቤ የጠረግሁላት እኔ ነኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ይጮኽብኛል፣ ረፈደብን ይላል፤ እሷ ደግሞ ደም እየፈሰሳት ትስቃለች። ያኔ ነው የወደድኳት።" ሳቁ። "እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? ይሄን ሁሉ ዓመት ረስቼው ነበር እኮ!"

መርፌ ቆማ ቀረች። ጠባሳዋ የካውያ ናት። ጠባሳዋ ገና ዛሬ እንፋሎት ውስጥ ያየቻት የሌላ ሴት ናት። ያ አውቶቡስ፣ ያ ደም፣ ያ መሐረብ ከየት መጣ? እሷ አንድ አፍ ብቻ ለጥፋ ነበር፤ አፉ ግን እዚያ ግድግዳ ላይ ሆኖ በየጠዋቱ ሲያዩት ሌላ ሴት እየሠራ ኖሯል። እናቷን እየገፋ እያወጣት ኖሯል። መርፌ የአባቷን ልብ ፈርታ ስትንቀጠቀጥ ዋለች እንጂ ይሄ ከቶ አልታሰባትም ነበር።

"አባዬ" አለች። እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። "አባዬ፣ ይቺ ምልክት የእማዬ አይደለችም።"

"እንዴት የእሷ አይደለችም? እነግርሻለሁ እኮ።"

"የሌላ ሴት ናት። በሕይወት ያለች፣ ባለትዳር፣ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ የምትተኩስ ሴት ናት፤ ምልክቷም የካውያ ናት፣ ዛሬ አግኝቻታለሁ። ከኢንተርኔት ሳልጠይቅ ወስጄ ነው የቀጠልኩት።"

አባቷ ፎቶውን አዩ። እሷን አዩ። እንደገና ፎቶውን አዩ።

"ምልክቷን ብቻ?"

"ከንፈሩንም። አገጩንም።"

"ሳቋንስ?"

"ሳቋንም አባዬ።"

መርፌ የምትፈራው መጣ ብላ ክኒኑ ያለበትን መሳቢያ በዓይኗ ፈለገች። እሳቸው ግን ደረታቸውን አልያዙም። እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፉ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

"ያመጣሽልኝ ቀን አውቄዋለሁ። ባየሁት ቅጽበት ነው ያወቅሁት። የእሷ አፍ እንዲህ አልነበረም። ግን አንቺ እዚያ ቆመሽ ፊቴን ታዪኛለሽ፤ ከስተሽ፣ ዓይንሽ ጎድጉዶ። የለም እሷ አይደለችም ብዬ እንዴት ልበልሽ? እሷ ናት አልኩሽ። ምን ቸገረኝ፣ የራሷን እዚህ ይዤዋለሁ አልኩ።" ግንባራቸውን መታ መታ አደረጉ። "ከዚህ ማን ይወስድብኛል ብዬ። ከዚያ በየጠዋቱ ሳያት፣ ሳያት..."

አቋረጡ። ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ የመጣውን ፍርሃት መርፌ አይታው አታውቅም። ትልቅ ሰው መሀል መንገድ ላይ ቤቱ ሲጠፋበት የሚፈራው ፍርሃት ነው።

"ታዲያ ከደረጃው ላይ የወደቀችው ማን ናት?" አሉ። "ደሙን ጠርጌያለሁ እኮ ልጄ። እጄ ያውቀዋል። መሐረቡ ነጭ ነበር።"

"አላውቅም አባዬ።"

"ወድቃለች ወይስ አልወደቀችም?"

"አላውቅም።"

መዳፋቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። "አውጪልኝ" አሉ። "ይቺን ሴት አውጪልኝ። ጥሩ ሴት ትሆናለች፣ ትዳሯንም ይባርክላት፤ ግን ትውጣልኝ። ባዶው ይሻላል። ባዶ ከሆነ የራሷ ትመለስልኝ ይሆናል።"

መርፌ ስትሮጥ ፎቶ ቤት ሄደች። ባለፎቶ ቤቱ መሰላል ላይ ቆሞ የመስኮቱን ፎቶ እየፋቀ እያጉረመረመ ነበር፤ አልፋው ገባች። ኮምፒውተሯን ከፈተች። ብዙ ቀን ለፍታ የሰፋችው ነገር ለመጥፋት ቅጽበት እንኳ አልወሰደበትም። ከአፍንጫው በታች ነጭ ሆነ። ምንም አላለሰለሰችም፣ ጠርዙን እንኳ አልነካካችም። አትማ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች።

አባቷ ከወንበሩ አልተነሱም። አዲሱን ፍሬሙ ውስጥ ከታ ሰቀለችላቸው። ግንባሯ አለ፣ ዓይኖቿ አሉ፣ አፍንጫዋ አለ። ከዚያ በታች ወረቀት ነው። እሳቸው አዩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ስም ይጠሩ እንደሆን አይሰማም። ገለጡ። እንደገና ጨፈኑ። መርፌ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ አንዴ ብቻ "መጣች" ቢሏት ቀሪ ዕድሜዋን በሰጠች።

"ያቺው ናት" አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ባለ ካውያዋ። ባዶው ላይም እሷው ናት የምትመጣው።"

መርፌ ጉልበታቸው ላይ ግንባሯን ደፋች። ይቅር በለኝ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰባት። እሳቸው ግን ይቅርታ እየጠበቁ አልነበረም። ጎንበስ ብለው አገጯን በጣታቸው ቀና አደረጉትና ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመሩ።

"አንቺስ?" አሉ። "ስትጠቢ እኮ ቀና ብለሽ አፏን ነበር የምታዪው። ዓይንሽን ከአፏ ላይ አትነቅዪም ነበር። ትንሽ እንኳ ትዝ አይልሽም?"

መርፌ ዓይኗን ጨፈነች። በሙሉ ልቧ፣ በሙሉ ኃይሏ ፈለገች። መጀመሪያ የመጣላት እንፋሎት ነው፤ ከእንፋሎቱ መሀል የላውንደሪዋ ሴት ሳቀች።

"ምንም አባዬ" አለች። "ምንም።"